አባዬ ሸንቶ የመጣ ቀን

ጥር 5፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት
ሁለት ቀሚስ ዛሬ ማለቅ አለበት። አንዱ የሙሽራ። የስፌት መኪናዬ ክር ይበጥሳል፤ እኔም ከሱ አልሻልም። ደብተሬ ሆይ፣ አባዬ ትናንትም አልበላም። እግሩ አብጧል፤ በጣቴ ስጫነው ይሰረጉዳል። ያቅለሸለሸኝ በርበሬው ነው ይላል። እንዴ! ዕድሜ ልኩን በርበሬ አምርቶ ዛሬ ጠላቱ ሆነ?

መስጂድም ትቷል። የዓርቡን ጁምዓ እንኳ ቤት ነው። ከሐጂ ኑሪ፣ ከልጅነት ጓደኛው፣ ተኳርፈህ ነዋ ብዬ አሾፍኩበት። ሐጂም እንደ ድሮው አይታዩም። አባዬ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

ጥር 6፣ ረቡዕ፣ ማታ
በግድ ባጃጅ ላይ ጭኜ ክሊኒክ ወሰድኩት። የደም ውጤት መጥፎ፣ ቁጥሩ ከፍ ያለ። ኩላሊቱ ደክሟል አለ ዶ/ሩ። ነገ አልትራሳውንድ። ኩላሊቶቹ ከተኮማተሩ በሽታው የቆየ ነው፣ መመለሻው ይከብዳል። ካልተኮማተሩ ምክንያቱ ይፈለጋል፣ ተስፋ አለ።

ከድር ከወልቂጤ ደወለ። ወንድሜ ሲጨንቀው ወሬ ያበዛል። ለኩላሊት እጥበት አዲስ አበባ ሄዶ እዚያው ስለቀረ ጎረቤቱ ይነግረኛል። አፍህን ዝጋ ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ከዚያ አለቀስኩ። የራሴን ኩላሊት እሰጠዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንተ ብቻ፣ ደብተሬ።

ጥር 7፣ ሐሙስ፣ 10 ሰዓት
በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ውሃ ጠጥቶ፣ ሽንቱን ይዞ እንዲጠብቅ ተነግሮናል። ሰልፉ ረጅም። የቀትሩ፣ የዙሁር አዛን ሲሰማ ለሶላት ልታጠብ፣ ውዱእ ላድርግ ብሎ ተነሳ። ሽንት ይዞ መስገድ ደግ አይደለም፣ ያውቃል፤ ቀጥታ መጸዳጃ ቤት ገባ! ሲመለስ ነው የገባኝ። ሰው ፊት ጮኽኩበት። ያን ሁሉ ውሃ በከንቱ! አንገቱን ደፋ።

ተራችን ደረሰ። ዶክተር ይቅርታ፣ ሸንቷል፣ ሌላ ቀን እንምጣ አልኩ። ግድ የለም፣ ይተኛ አለኝ። ሆዱ ላይ ያንን ቀዝቃዛ ነገር ቀባው። ማሽኑን አሳረፈ። አባቴ፣ የሸኑት መቼ ነው? አለው። አሁን፣ ከሶላት በፊት አለ አባዬ። ዶ/ሩ መልሶ አየ። ፊኛው እስከ እምብርቱ ድረስ ሙሉ ነው።

ያ ረቢ! ሸንቶም ሙሉ።

ዶ/ሩ ስክሪኑን ወደኛ አዞረ። የፕሮስቴት እጢው አድጎ መውጫውን ዘግቶታል። መውጫ ያጣው ሽንት ወደ ላይ ተመልሶ ኩላሊቶቹን ወጥሯቸዋል። ግን አልተኮማተሩም፣ ሥጋቸው አለ። ቶሎ ከተከፈተ ሊያገግሙ ይችላሉ። አባዬ ተኝቶ በቀስታ፦ "ቦዩ ተደፍኖ ነዋ" አለ። ዶ/ሩ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ከመቼ ጀምሮ ነው ሲባል አባዬ እኔን አየ። ገባኝና ወጣሁ። በመጋረጃው ግን ይሰማል። ዓመት አልፎታል። ያንጠባጥበዋል። ውዱኡ እየፈረሰ ሰው መሀል መቆም አፍሮ ነው መስጂድ የቀረው። እኔ ደግሞ ተኳርፈህ ነዋ እለዋለሁ። ምላሴን ይቁረጠው!

እዚያው ቱቦ ገባለት። ከረጢቱ ሲሞላ አየሁ። ሽንት አይቼ አልሐምዱሊላህ ስል ይኸው የመጀመሪያዬ ነው። ኩላሊቴ ለጊዜው እኔው ጋ ይቆይ።

ጥር 11፣ ሰኞ
የደም ውጤቱ ወርዷል! ገና ክትትል አለው፣ እጢውም በኋላ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ግን ወርዷል። ለከድር ነገርኩት፣ ስልክ ላይ አነባ። አባዬ ቆጮውን ጠርጎ በላና ክትፎውስ አለኝ። ውይ፣ ድኗል በቃ!

ማታ ደግሞ ጠወለገ። ከረጢት ተሸክሞ መስጂድ አይገባም አለ። የመስጂዱን ሼኽ አስጠራሁ። ችግር ያለበት ሰው በየሶላቱ ወቅት ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፣ ዲኑ ገር ነው አሉት። ሲሄዱ እስከ በር ሸኛቸው። ከዚያ ጠራኝ። "ልጄ፣ ለዚች ለሽንት ከረጢት ኪስ ስፊልኝ።"

ሽንት የሚለውን ቃል ለኔ ሲናገር በዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም። ከሙሽራዋ ቀሚስ የተረፈ ነጭ ጨርቅ ነበረኝ። በሽርጡ ውስጥ በኩል ሰፋሁለት። አሳምሬ ነው የሰፋሁት።

ጥር 15፣ ዓርብ፣ 9 ሰዓት
መስጂድ ሄደ! ነጭ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ። እስኪመለስ አንድ ስፌት በትክክል አልሰፋሁም።

ብቻውን አልተመለሰም። ሐጂ ኑሪን ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸው። ወዓለይኩም ሰላም ብዬ ሳልጨርስ፣ ገና ሳይቀመጥ፦ "እሱም እንደኔ ነው፤ ጠብ ጠብ ነው የሚለው። ማሽኑ ጋ ውሰጂው" አለኝ። ሐጂ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው ይወዱ ነበር። በሻሼ አፌን ሸፈንኩ፤ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ለካ እሳቸውም የጠፉት ለዚህ ኖሯል። ሁለት ወዳጆች፣ አንድ ሰፈር፣ እያንዳንዳቸው ብቻዬን ነኝ ብለው።

ሰኞ እወስዳቸዋለሁ። አባዬ አብሯቸው ይገባል፣ እኔ ከመጋረጃው ውጪ። ከሶላት በፊት ሽንት ቤት ቢሄዱም አልጮህም።

በሩ ተንኳኳ። የሌላ ሽማግሌ ሳል ነው። አባዬ ደግሞ ለማን ነው የነገረው?