የልብ ምት የሚያበራው ክፍል

ጥቅምት 3
ሥራ ቀዝቃዛ ነበር። አንድ የተጋጨ ሚኒባስ አይቼ ተመለስኩ። ሾፌሩ "ከኋላ ነው የገጩኝ" ይላል፣ የተጨፈለቀው ግን ከፊት ነው... ኢንሹራንስ ቤት ጉዳት ሲገምት የኖረ ሰው ማንን ይመን?
ባለቤቴ እሑድ ኤግዚቢሽን እንሂድ አለች። እየነኩ የሚያዩት ሥዕል ነው አሉ። ለሰላሙ ብዬ እሺ አልኩ።

ጥቅምት 6
ሄድን። ጨለም ያለ ክፍል፣ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ አምፖሎች። መሃል ላይ የብረት መያዣ አለ። በሁለት እጅ ሲይዙት አንዱ አምፖል በልብ ምት ልክ ይበራል ይጠፋል ተባለ። ማን አረጋገጠ? ከመጋረጃው ጀርባ አንዱ ማብሪያውን እየነካካ ቢሆንስ?
ያዝኩት። እኩል እኩል በራ። በር ላይ የቆመችውን አስተናጋጅ "አንቺ ነሽ የምታበሪው?" አልኳት።
"የራስዎ ልብ ነው፣ ጋሼ" ብላ ሳቀች። ሳቋም አላማረኝም።
ባለቤቴ አልይዝም አለች። "እጄን አልቦኛል።" ላብ? ክፍሉ እኮ ብርድ ነበር።

ጥቅምት 7
የላቡ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ዛሬ ደግሞ ስልክ ሲደወልላት በረንዳ ወጥታ አወራች፣ በሩን ዘግታ። ማነው ስላት "ደንበኛ" አለች። ፀጉር ቤቷ ሰኞ ዝግ ነው... የምን ደንበኛ?

ጥቅምት 10
ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን ሄድኩ። መጋረጃውን ገለጥኩ፣ ባዶ ግድግዳ። መያዣውን በጓንት ያዝኩ፣ ጭጭ። ደረጃውን ሮጬ ወጥቼ ያዝኩት፣ አምፖሉ አብሮኝ አለከለከ።
"አሁንስ አመኑ፣ ጋሼ?" አለች አስተናጋጇ።
ማጭበርበር የለበትም። ታዲያ ባለቤቴ ምን ፈርታ ነው?

ጥቅምት 13
መልሼ ወሰድኳት። "በይ ያዢው" አልኩ። አየችኝ... ያዘችው።
አምፖሉ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ በራ። ጠፋ። ቆየ... ከዚያ ተንቀጠቀጠ።
"ተበላሽቷል" አልኩ።
"አልተበላሸም።" እጇን አላነሳችም። "ካለፈው ክረምት ጀምሮ እንዲህ ነው የሚመታው። መድኃኒት ላይ ነኝ። ሰኞ የደወለችው ነርሷ ናት።"
"ለምን አልነገርሽኝም?"
"ሐኪሙን ትጠረጥራለህ። መድኃኒቱን ትጠረጥራለህ። መታመሜን ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው... እንደ ተገጨ መኪና እየዞርክ እንድታየኝ አልፈለግኩም።"
ከኋላችን ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። ሦስት ወር? አራት? አንድ ቤት ውስጥ...

ጥቅምት 14
ሻይ አፈላሁላት። ጠጣችው።

ጥቅምት 19
ሐኪም ቤት አብሬያት ገባሁ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። የት ተማረ? ይሄን መድኃኒት ለምን መረጠ? ሁሉም ምላሴ ላይ ነበር።
"ጥያቄ አለዎት?" አለኝ።
ባለቤቴ አንገቷን ደፍታለች።
"እኔ ምን ላድርግላት?" አልኩ።
ቀና አለች።
ታክሲ ስንጠብቅ ክንዴን ያዘች። "ፈርቻለሁ እኮ" አለችኝ። እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም።
"እኔም" አልኳት።