የታጠበውን ጠርሙስ ስበሩት ስላለው ስሌት

ለተከበሩ የዕቃ መልሶ መጠቀም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ያ ሁሉን አዋቂ ኮምፒውተርዎም እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ደህና ነን እንዳልልዎ ጎረቤቴ እትዬ እንደገና ደህና አይደሉም። የእናት የአባት ስማቸው ሌላ ነው፤ አብረን በምንሠራበት ጠርሙስ ማጠቢያ ቤት የማናችንንም እጥበት ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው እያዩ "እንደገና!" ስለሚሉ ነው ይህ የወጣላቸው። የጉልበታቸው ሕመም የቆየ ነው፤ አሁን ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል፣ እህልም እምቢ ብለዋል። ልጃቸው ጡት ያልጣለ ሕፃኗን ታቅፋ ከባሏ ቤት መጥታ እያስታመመቻቸው ነው። እርስዎም ያውቋቸዋል፤ በመሥሪያ ቤትዎ መተላለፊያ "ዑደታዊ ኢኮኖሚ፦ የሚጣል ነገር የለም" ከሚለው ጽሑፍ ሥር ባለው ፎቶግራፍ ላይ ጠርሙስ ይዘው የሚስቁት ሴትዮ እሳቸው ናቸው።

ይህን በአደባባይ የምጽፈው ለማመስገን ነው። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ላመሰግንዎ ብል ጸሐፊዎ "ስብሰባ ላይ ናቸው" እያለች ስትመልሰኝ ምስጋናዬ ሆዴ ውስጥ ሊሻግትብኝ ሆነ።

1ኛ. ኦፕሬሽንስ ሪሰርች የሚባለውን ጥበብ ስላመጡልን እናመሰግናለን። እንደተነገረን ከሆነ መኪናው በየት ቢዞር፣ የትኛው ዕቃ ታጥቦ ቢመለስ፣ የትኛው ተሰባብሮ ቢቀልጥ ጊዜና ነዳጅ እንደሚቆጥብ በሒሳብ የሚፈልግ ነው። አሽሙር አይደለም፣ የእውነት ደስ ብሎን ነበር። ያ መኪና ባዶ ጠርሙስ ጭኖ አንዱን መንገድ ሲመላለስበት፣ እኛም ገንዳችንን ሞልተን በር በሩን ስናይ የኖርን ሰዎች ነንና።

2ኛ. ሰዓት ይዞ የሚለካ ባለሙያ ስለላኩልን እጅ እንነሣለን። ለምን እንደመጣ ብቻ የነገረን አልነበረም፤ "ሥራችሁን ሊያይ ነው" ነው የተባልነው። እርስዎ ቤትዎን ሊያይ ሰው ሲመጣ ምን ያደርጋሉ? እኛ ወለሉን ፈተግን፣ ወንበር አቀረብን፣ ሻይ አፈላን። እትዬ እንደገናም "ዛሬ እንዳታዋርዱኝ፣ እያንዳንዷን ጠርሙስ የገዛ ልጃችሁ እንደሚጠጣባት አድርጋችሁ እጠቡ" አሉን። በሌላው ቀን እያወራን እየሳቅን እጃችን ከመፍጠኑ የተነሣ አይታይም። ያን ቀን ግን ወሬም ሳቅም ትተን፣ አንዷን ጠርሙስ አጥበን፣ አለቅልቀን፣ ወደ ብርሃን አንሥተን፣ መልሰን አጠብናት። ባለሙያው ሰዓቱን እያየ ሲጽፍ እኛ "አደነቀን" እያልን እንጠቃቀሳለን። ስሌቱም እነዚህ ሴቶች አጥበው እስኪመልሱት ሰባብሮ ማቅለጥ ይቀላል ብሎ ፈረደ። ማጠቢያ ቤቱ በዚህ ወር መጨረሻ ይዘጋል። ምንም ያልሆነው ጠርሙስ ከወዲሁ ወደ መሰባበሪያ እየሄደ ነው፤ የእኔ ገንዳ ብቻ ቀርቷል፣ የሌሎቹ ተነቅሏል።

3ኛ. "ኧረ እንደ አዘቦቱ ቀን ስንሠራ ይለኩን" ብለን ስንለምን ስለሰጡን ፈጣን መልስ ምን ብዬ ላመስግንዎ? አንዴ የገባ ልኬት እስከሚቀጥለው ዕቅድ እንደማይነካ አስረዱን። የሚቀጥለው ዕቅድ ሲመጣ የሚለካ ማጠቢያ ቤት ስለማይኖር ለኮምፒውተሩም እረፍት ነው።

አራተኛው ግን ቁጥር የሚሰጡት ዓይነት አይደለም። እትዬ እንደገና ማጠቢያ ቤቱን በአፌ ዘጋሁት ብለው አምነዋል። ሁላችንም በየተራ አልጋቸው ጫፍ ተቀምጠን ብንምል ብንገዘት አልሰሙንም፤ "እኔ ነኝ እጠቡ ያልኳችሁ፣ እናንተማ ምን ታረጉ" ነው መልሳቸው። እርስዎ ይህን አንብበው ሐሳብዎን ይለውጣሉ ብዬ አልጠብቅም፣ እንዲያ ብዬ ራሴን አላታልልም። ግን መጥተው "የእርስዎ ጥፋት አይደለም" ቢሏቸው፣ ከስሌቱ የሚጎድል ነገር ያለ አይመስለኝም።

በተለኩት ሴቶች ሁሉ ስም ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ማንም ሰዓት ይዞ ደጃፉ የማይቆምበትም ሥራ እንዲሰጥዎ የምመኝ፣

የበሩ አጠገብ ገንዳ አጣቢ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከጨረስሁ በኋላ ባለ ሰዓቱ ባለሙያ በጠርሙስ ጭማቂ ይዞ እትዬን ሊጠይቅ መጣ። ከመሥሪያ ቤትዎ ሊጠይቃቸው ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። "እማማ፣ እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት" አላቸው። እሳቸውም ከግድግዳው ዞር ብለው "ንጹሕ ነበር?" አሉት። "እንደዚያ የጸዳ ጠርሙስ አይቼ አላውቅም፤ ግን ጽዳቱ የሚገባበት ቦታ ስሌቱ ውስጥ አልነበረም" አለ። እሱ ሲወጣ ጭማቂውን ለሚያጠባው ልጃቸው ቀድተው ሰጥተው፣ ግድግዳ ተደግፈው ተነሡና ባዶውን ጠርሙስ ማጠብ ጀመሩ። ማታ ደግሞ የጠርሙስ መኪናው ሾፌር ብቅ ብሎ ጠርሙሱን ወደ አምፖሉ አንሥተው ሲያዩ ደረሰባቸው። "እትዬ፣ ምን ያደክምዎታል? ነገ መሰባበሪያ ውስጥ የምከተው እኔው ነኝ" አላቸው።

"ታዲያ ቆሽሾ ይሰበር?" አሉት።