የቀጥቃጭ ልጅ

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017፣ ጅማ

በታላቅ ሐዘን ይገለጻል፦ ዛሬ አንድ ሳህን ሳምቡሳ በሰው ፊት ቀዘቀዘ። እኔ በቡዳ አላምንም።

እህቴን ዘሃራን ለጋብቻ ሊጠይቅ የመጣው ሰርቢያዊ፣ የሊሙ ገነቱ የቡና ማሽን ጠጋኝ፣ እሰልማለሁ ሲል ሁላችንም አልሃምዱሊላህ አልን። ቀጥላ አክስቴ «ልጄ፣ ይሄ ኮቫቼቪች የሚሉህ ምን ማለት ነው?» አለችው።

«የቀጥቃጭ ልጅ» አለ በኩራት። «ዘራችን ብረት ቀጥቃጭ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ማንም ሳምቡሳ አላነሳም። ለአክስቴ ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ነው፤ የሕፃን ልጄን ፊት በሻሿ ሸፈነች። ምስኪኑ እንግዳ ግን ገልጦ አየውና «ሲያምር» አለ። ከዓይን የሚጠብቀውን ማሻአላህ አላለም።

ዘሃራ ጓዳ ጠርታ «አንቺ እንኳ ከጎኔ ቁሚ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

እንግዳው ከሄደ ወዲህ ልጄ ጡት እምቢ ብሏል፤ ገላው ይፋጃል።

እርማት፦ ከላይ «በቡዳ አላምንም» የተባለው «ልጄ እስኪሻለው ዘሃራ ትታገሥ» ተብሎ ይነበብ።