በአራተኛው ዳገት ላይ ስሜ የተጻፈበት ሰሌዳ እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

ለክብርት ወይዘሮ ማርጎ ዴላኒ
የኬልፕ ቤይ ወረዳ ምክር ቤት ሰብሳቢ
ባሉበት

ክብርት ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ምክትልዎንና የምክትልዎን ምክትል በሙሉ ጤንነት፣ ወንበሮቻችሁንም በሙሉ እግሮቻቸው እንደቆሙ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከወገቤና ከኅሊናዬ በቀር ደኅና ነኝ።

በታላቅ የኃላፊነት ስሜት የማሳውቅዎ ነገር ቢኖር፣ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከሄሮን ኮቭ ወደ ማርሎክ በሚወስደው የባሕር ዳር መንገድ፣ በአራተኛው ዳገት አናት ላይ አንድ ምሰሶ መተከሉን ነው። ሁለት ሠራተኞች ተከሉት፤ ሦስተኛው ሲተክሉ ያይ ነበር፤ አራተኛው ደግሞ ሦስተኛው በደንብ ማየቱን ያረጋግጥ ነበር። በምሰሶው ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ሰሌዳውም «የትሬሎር ማረፊያ፤ ዳቦ ጋጋሪው ዴዝሞንድ ትሬሎር መንገደኛ ያዳነበት ስፍራ» ይላል። ያ ዴዝሞንድ ትሬሎር እኔ ነኝ። ሰሌዳው እንዲነሣልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ነገሩን ያልሰማ የምክር ቤት አባል ቢኖር፣ በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ እንደሰፈረው ባጭሩ ላስረዳ። በጥር ወር፣ ሙቀቱ ሠላሳ ስድስት ዲግሪ በደረሰበት ቀን፣ ወይዘሮ ግሌኒስ ኦርቻርድ የተባሉ የስድሳ ዘጠኝ ዓመት የአዴሌድ ሰው ዳርቻችንን ብቻቸውን በብስክሌት ሲጎበኙ ውሃ አልቆባቸው ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ወደቁ። እኔ ወደ ማርሎክ ዳቦ ላደርስ ስሄድ አግኝቻቸው፣ ውሃ አጠጥቼ፣ ከነብስክሌታቸው ጭኜ ጤና ጣቢያ አደረስኳቸው። ከዚያች ሰዓት በፊት ወይዘሮዋን አይቻቸው አላውቅም። ይህ ሁሉ በሰጣችሁኝ ቅጽ ላይ በእጄ ጽሑፍ ተሞልቶ፣ በእናንተ ማኅተም ተመቶበት ይገኛል።

እንግዲህ ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ፦ የፊደሎቹ መጠን። በዚያ መንገድ ላይ «አደገኛ ቁልቁለት» የሚለው ምልክት እንደ መድኃኒት ብልቃጥ ጽሑፍ የደቀቀ ሲሆን፣ ስሜ ግን ከባሕር ላይ ይነበባል። ይህን የምለው በግምት አይደለም። ሎብስተር አጥማጁ ጎረቤቴ ክላይቭ ናንከርቪስ ከጀልባው ላይ ሆኖ አንብቦታል፤ ከዚያ ወዲህም በየማለዳው የዳቦ ቤቴን በር በእግሩ እየገፋ «ጀግናው! ዛሬስ ማንን ልታድን ነው? እኔን አድነኝ እንጂ፤ ከነቃሁ ጀምሮ ሻይ በአፌ አልዞረም!» ይለኛል። ሻዩን በነፃ እሰጠዋለሁ። ዝም እንዲልልኝ ነው። አይልም።

፪ኛ፦ ምክር ቤታችሁ ለጎብኚዎች የሚያድለው ባለ ቀለም ወረቀት። ይህ ወረቀት መንገዳችንን «ለስለስ ያለ ወጣ ገባ» ብሎ ይጠራዋል። ይህን የጻፉት ሊቅ መንገዱን የተጓዙት በካርታ ላይ በጣታቸው መሆኑን አልጠራጠርም፤ ጣት ደግሞ ዳገት አያውቅም። ከዳቦ ቤቴ በር እስከ ማርሎክ አምስት ዳገቶች አሉ። ሦስተኛውን ዋላቢ የምትባለው ትንሿ ካንጋሮ እንኳ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ ሁለቴ ቆማ ነው የምትወጣው።

በእርግጥ ይህን ካልኩ ዘንዳ የከተማችንን ልማድ መሸሸግ አይገባኝም። በሄሮን ኮቭ፣ ላብ ያጠመቀው ብስክሌተኛ «ስንት ዳገት ቀረኝ?» ብሎ ከጠየቀ፣ መልሱ «አንድ» ነው። ክላይቭ አንድ ይላል። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ አንድ ትላለች። ቄሳችንም አንድ ብለው ይባርኩታል። አባቴም አንድ ይል ነበር፤ ያኔ መንገዱ አስፋልት እንኳ አልነበረውም። ውሸት ነው ብለን አናውቅም። ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ የቆመን ሰው «አምስት» ለማለት ምን ዓይነት አንጀት ይጠይቃል? ደግሞስ እያንዳንዱ ዳገት በየተራው ሲመጣ አንድ አይደለም? ተጓዦቹም በዓመቱ ተመልሰው «እናንተ ሌቦች! ያ አንዱ ዳገታችሁ ስንት ልጅ ወልዷል!» እያሉ ይስቁና ከምድጃዬ የወጣ የሥጋ ፓያቸውን በልተው ይሄዳሉ። እስከዚህ ጥር ድረስ ከዛፍ ሥር የወደቀ አልነበረም።

፫ኛ፦ የውሃ ቧንቧው። በሁለተኛው ዳገት ላይ የነበረው ቧንቧ «ይንጠባጠባል» ተብሎ ከሁለት ዓመት በፊት በትእዛዛችሁ ተነቅሏል። እነሆ አሁን አይንጠባጠብም። ስለ ፈጣን መፍትሔያችሁ የከተማው ሕዝብ፣ ዛፎቹና ወይዘሮ ኦርቻርድ ያመሰግኗችኋል።

በዚህ ላቆም አስቤ ነበር። ሦስት ቅሬታ ለአንድ ጋጋሪ ይበቃዋል፤ እስከዚህም ድረስ ጥፋቱን ሁሉ ወደ እናንተ አንከባልዬ ጥሩ እየሄደልኝ ነበር። ነገር ግን ሐሙስ ዕለት ከራሳቸው ከወይዘሮ ኦርቻርድ ደብዳቤ ደረሰኝ።

፬ኛ፦ ሲሚንቶው። ምክር ቤታችሁ በመጪው ቅዳሜ ሰሌዳው ሲመረቅ የወይዘሮዋን ሰማያዊ ብስክሌት ቢጫ ቀብቶ፣ ጎማዎቹን በሲሚንቶ አጣብቆ፣ ከምሰሶው ግርጌ ለዘለዓለም ሊያቆመው እንዳሰበ ከደብዳቤያቸው ተረዳሁ። አሥራ አንድ ዓመት በየባሕር ዳርቻው የዞሩበት ብስክሌት ነው። እንዴት እሺ እንዳሉ ደግሞ ራሳቸው እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦

«አቶ ትሬሎር፣ እኔ ጆሮው ላይ ዱቄት ያለበት አንድ ሰው አንድ ዳገት ብቻ ቀረዎት ሲለኝ፣ ሁለተኛውን ጠርሙስ አይሙሉት ሲለኝ ቁልጭ ብሎ ይታወሰኛል። ልጄ ግራንት ግን ‘እማዬ፣ እዚያ ከተማ ያለው አንድ ዳቦ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ያው ያዳነሽ ሰውዬ ነው። እሱ አላየኋትም ካለ ማን አየሽ ታዲያ? አርፈሽ ቤትሽ ተቀመጭ በቃ’ ይለኛል። ሐኪሙም ሰምቶ በካርዴ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ያልነበረ ሰው ማየት ከጀመርኩ ብቻዬን መንገድ መውጣት አይገባኝም። ብስክሌቴን እርስዎ ባዳኑኝ ቦታ ብተወው ይሻላል። ቅዳሜ ግራንት በመኪናው ያመጣኛል። ውለታዎን አልረሳም፤ ሌላውን ሁሉ ብረሳ እንኳ።»

ይህን ለባለቤቴ ለዶሪን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሊጥ እያሸች ነበር። ቀናም ሳትል «ዴዝ፣ እኔ እኮ ያን ቀን ጓዳ ነበርኩ። ግድግዳው ደግሞ ጣውላ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የምታነጋግረው ሊጡን ብቻ ነው።

ክብርት ሆይ፣ በዚህ አጋጣሚ ስላመናችሁኝ ላመሰግናችሁ እወዳለሁ። ቅጻችሁ «ተጎጂዋ ስለ መንገዱ ከማንም ሰው ምክር አግኝተው ነበርን?» ሲል ይጠይቃል። «የለም» ለሚል ሰው ትንሽ ሳጥን ተዘጋጅታለታለች፤ «አዎ» ለሚል ግን ሙሉ ገጽ ማብራሪያ፣ ሁለት ምስክርና ፊርማ ያስፈልገዋል። የሰውን ድካም እንዲህ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት በምድር ላይ ሌላ ያለ አይመስለኝም። እኔም ሳጥኗን መረጥኩ። ማንም ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ሁለተኛ ጥያቄ ብጠየቅ ኖሮ እውነቱን እናገር ነበር እላለሁ፤ ግን ይህም አንድ ዳገት ብቻ ነው እንደማለት ነው።

ስለሆነም ቅዳሜ ሲሚንቶው እንዳይቦካ፣ ሰሌዳው እንዲነሣ፣ በምትኩም «ገና አምስት ዳገት አለ፤ ሁለቱንም ጠርሙስ ሙሉ» የሚል ሰሌዳ ከዳቦ ቤቴ በር ላይ እንዲተከል እጠይቃለሁ። ለዚህኛው የፊደሉን መጠን አልቃወምም።

ለከፍተኛው ሥልጣንዎ፣ ለረጅሙ ትዕግሥትዎና ከእርሱም ለሚረዝመው የምሳ ሰዓትዎ ለእያንዳንዱ ዳገት አንድ ጊዜ፣ በድምሩ አምስት ጊዜ እጅ እነሣለሁ።

ዴዝሞንድ ትሬሎር
ዳቦ ጋጋሪ፣ ሄሮን ኮቭ

ግልባጭ፦
ለአቶ ግራንት ኦርቻርድ፣ አዴሌድ (ከቅዳሜ በፊት እንዲደርሳቸው በአስቸኳይ)
ለወይዘሮ ግሌኒስ ኦርቻርድ (ከይቅርታ ጋር)

ማስታወሻ፦ የውሃ ቧንቧውን ለመመለስ በጀት የለም እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ስሜ የተሰቀለበትን ምሰሶ አንኳኩቼ አይቼዋለሁ፤ ውስጡ ባዶ ነው። ውሃ ብትለቁበት በወረዳችን የመጀመሪያው ጥቅም ያለው ክብር ይሆናል።

ማረሚያ፦ ከዚህ በላይ «ከዚያች ሰዓት በፊት ወይዘሮዋን አይቻቸው አላውቅም» ተብሎ የተገለጸው፣ «በዚያው ዕለት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ዳቦ ቤቴ ገብተው፣ ፓይ በልተው፣ ሁለቱንም ጠርሙስ ልሙላ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ‘አይዞዎት እናቴ፣ አንድ ዳገት ብቻ ነው የቀረዎት፤ ሁለተኛውን ምን ያሸክምዎታል?’ ብያቸዋለሁ» ተብሎ እንዲታረም። «ዳቦ ላደርስ ስሄድ» የሚለውም «ሙቀቱ ሲብስ ደንግጬ፣ በባዶ መኪና ልፈልጋቸው ስሄድ» ተብሎ ይነበብ። ጆሮው ላይ ዱቄት ያለበትን ሰው በተመለከተ፣ እንዲህ ያለ ሰው እንዳልነበረ በመዝገባችሁ የተያዘው ስሕተት ነው። ነበረ። ዱቄቱም በግራ ጆሮው ላይ ነው።