እናትሽ የመረጠችላቸው

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ወር በገባ በዘጠነኛው ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? ሥራው፣ ብርዱ፣ ያ ደረጃው የማያልቀው ቤትሽ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ ነበር። ጉልበቴ እንደ ወትሮው ነው፣ ሲቀዘቅዝ ይነዘንዘኛል። ግን ይህን የምጽፍልሽ ስለ ጉልበቴ ስላልሆነ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር እናትሽ «ድምፁን ክፈተው፣ እኔም ልስማት» ስለምትለኝ ነው። የሆዴን በሆዴ ይዤ ስንት ጊዜ «ሁሉ ሰላም» እንዳልኩሽ እኔ ነኝ የማውቀው።

መልእክትሽ ደርሶኛል። እስከ ዛሬ የሳሙናው ደንበኞች ከአሥራ ሁለቱ ዕቃ አምስት እየመረጡ በየወሩ አንድ ሳጥን ይላክላቸው ነበር፤ አሁን የፈለጉትን ያህል፣ በፈለጉት ጊዜ፣ በየሁለት ሳምንቱም ቢሆን፣ ሳጥኑ ሊወጣ አንድ ቀን እስኪቀረው ድረስ እያቀያየሩ እንዲያዙ ገጹን ላስተካክለው ነው ብለሽኛል። «አባዬ፣ ሰው ምርጫ ይወዳል» ብለሻል። አልዋሸሽም። አንቺ ያንን ሱቅ በኮምፒውተር ከከፈትሽልን ወዲህ የእናትሽ ሳሙና እኛ ረግጠነው የማናውቀው ሰፈር ሁሉ ገብቷል። ግን ልጄ፣ ያን ነገር ከመክፈትሽ በፊት ስሚኝ። ደክሞኛል። ድካሙ ደግሞ የጉልበት ብቻ አይደለም።

ነገሩ ከጀመረ አምስት ወር ሆነው። መጀመሪያ የደወለችው መምህሯ ናት፣ ያቺ ሁልጊዜ ሽታ የሌለውን ሳሙና ብቻ የምትመርጠው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የልጄ ገላ ሽታ ያለው ነገር አይችልም። ዘንድሮ ምን ነካችሁ?» አለችኝ። ሳጥኑ ውስጥ የተገኘው የቅርንፉዱ ሳሙና ነበር። ልጅቷ ሳታስተውል ታጥባበት ከአንገቷ እስከ ወገቧ ሽፍ ብሎባታል።

እኔ ምን አደረግኩ? ሞተረኛው ላይ ጮህኩበት። «ደረስኩ» የምንለውን ታውቂዋለሽ፣ ገና ከቤቱ ሳይነሣ «ደረስኩ፣ ደረስኩ» የሚለውን። «ሳጥን አቀያይረህ ሰው ልታስገድል ነው?» ስለው፣ የራስ ቁሩን አወለቀና፣ «ጋሼ፣ የማርፈድ እንጂ የመለወጥ አመል የለብኝም» አለኝ። እውነቱን ነው። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው የመምህሯ ስም ነበር፣ ፕላስተሩም አልተነካም።

ቀጥሎ የጥርስ ሐኪሙ ደወለ፤ አምስት የእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ ደርሶታል። «አባባ፣ ያሉኝ እግሮች ሁለት ናቸው» አለኝ። ከዚያ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ እየሳቀች፣ «መነጽርም መሸጥ ጀመራችሁ እንዴ?» አለችኝ። የእናትሽ መነጽር! ሦስት ቀን ሙሉ አልጋ ሥር፣ ምድጃ ላይ፣ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ሳይቀር ስንፈልገው የነበረው። ይህን ስነግራት ሳቅን። እናትሽ ከእኔ የበለጠ ሳቀች። ከዚያ «ፊቴን ልታጠብ» ብላ ገባችና ቶሎ አልወጣችም።

በሚቀጥለው ወር ሳጥን በምታሽግበት ቀን ጋዜጣ ይዤ እዚያው ክፍል ተቀመጥኩ። ያንቺ መኝታ ቤት የነበረው ነው፤ አሁን ግድግዳው ሁሉ መደርደሪያ ሆኗል፤ መስኮቱ ሥር ያ ረጅም ጠረጴዛ አለ። የደንበኛውን ሊስት በግራ እጇ ይዛ፣ «ናና፣ ማር፣ ከሰል፣ የከንፈር ቅባት፣ ፎጣ» ብላ በትክክል አነበበች። ቀኝ እጇን ወደ መደርደሪያው ሰደደች። እጇ አየር ላይ ቆመ።

ልጄ፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት የብረት ፊደል እየለቀምኩ ደርድሬያለሁ። ከሁለት መቶ በላይ ፊደል፣ እያንዳንዱ በየሳጥኑ። ዓይንሽ ጽሑፉን ሲያነብ እጅሽ ራሱ ሄዶ ያነሣዋል፤ እጅሽ ካሰበ ሥራው አበቃ። የእናትሽ እጅ እንደዚያ ነበር። ናናው የት እንዳለ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች፤ መደርደሪያውን ያሰናዳችው እሷ ናት። እና ያ እጅ ቆመ። ትንሽ ቆየና ከፊቱ ያገኘውን አነሣ። ከዚያ ሊስቱ ላይ የትክክል ምልክት አደረገችበት።

«ምን ታየኛለህ?» አለችኝ።

«ጋዜጣ እያነበብኩ ነው።»

«ገልብጠኸው?»

እውነትም ገልብጬው ነበር። ይህን ያህል ንቁ ናት እኮ! ለዚህ ነው ነገሩ ግራ ያጋባኝ።

በየመደርደሪያው ትልልቅ ቁጥር ጽፌ ለጠፍኩ፤ ለጥቂት ቀን ረዳት። ከዚያ ተቆጣች። «የገዛ እጄን ሥራ ለእኔ ልታስተምረኝ ነው?» ብላ ሁሉንም ገሽልጣ ጣለችው።

ሐኪም ዘንድ የሄድነው «ለጉልበቴ» ብዬ አታልያት ነው። ሐኪሟ ያንቺ እኩያ ትሆናለች፣ ትሑት ናት። ለእናትሽ ሦስት ቃል ሰጠቻት፤ ወንበር፣ ሎሚ፣ ቁልፍ። ስለ ልጆች፣ ስለ ቤት ሲያወሩ ቆዩና፣ «እማማ፣ ቅድም የነገርኩዎት ምን ምን ነበር?» አለቻት። እናትሽ፣ «ሎሚ» አለች። ትንሽ አሰበችና፣ «ሁለቱን አንቺው ያዢያቸው፤ ድሮም ያንቺ ናቸው» አለቻት። ሐኪሟ ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗን ወረቀቷ ላይ ጣለች። ብዙ ምርመራ ታዘዘ፣ ተመላለስን። መጨረሻ ላይ የነገረችን፣ ችግሩ የዓይን ወይም የድካም አይደለም። የማስታወስ ኃይሏ እየሄደ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም።

ስንወጣ መንገድ ላይ ክንዴን ይዛ፣ «ለልጃችን ዓይኔ ደክሞ ነው በላት» አለችኝ። እሺ አልኳት። ይኸው ቃሌን በላሁ፤ ይቅር ትበለኝ።

ከዚያ ወዲህ እሷ ታሽጋለች፣ እኔ እፈታለሁ። ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል በሩን ገርበብ አድርጌ ስልሳ ሦስቱንም ሳጥን አንድ በአንድ እከፍታለሁ፤ ሊስቱን እያየሁ አስተካክልና ፕላስተሩን እሷ እንደምትለጥፈው አድርጌ እለጥፋለሁ። ፕላስተሩ እንዳይጮህ ቀስ ብሎ መሳብ አለ። አንዱ ፎጣ ሲቀንስ፣ ሌላው ሻምፖ ሲጨምር፣ ሌላው «ይህን ወር ዝለሉኝ» ሲል፣ አንቺ እዚያ ጠቅ ያደረግሽው ሁሉ እዚህ ወገቤ ላይ ነው የሚያርፈው። አልወቅስሽም፤ ምን ታውቂያለሽ? ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር ግን ያዘችኝ። ፕላስተሩ ጮኸ መሰለኝ፣ ቀና ስል በሩ ላይ ቆማለች። ጠረጴዛው ላይ አሥር የሚሆን ሳጥን አፉን ከፍቷል። የምትጮህብኝ መስሎኝ ተዘጋጀሁ። መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ስንት ወር ሆነህ?»

«ሦስት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም አይደለም። አንዳንዱን።»

«አትዋሸኝ። መዋሸትም አትችልበትም።»

አንዱን ሳሙና አነሣች፣ አገላበጠችው።

«እኔ ስደክም እውልና አንተ ታፈርሰዋለህ። ሁለታችንም በከንቱ እንለፋለን» አለች። «ሰዎቹ ግን፣ ሁሉም ነው መምረጥ የሚፈልገው? መምረጥ የሰለቸው የለም? ጠይቅልኝ። ምረጪልኝ የሚለኝ ካለ፣ እጄ ያነሣውን ልስጠው። ያኔ አልሳሳትም።»

ልጄ፣ ከአርባ ዓመት ትዳር በኋላም ይህቺ ሴት ትቀድመኛለች።

በየሳጥኑ ትንሽ ወረቀት ከተትኩ። ሕመሙን አልጻፍኩም፣ እሷ አልፈቀደችም። «መምረጡን ለሠሪዋ መተው የምትፈልጉ፣ ይህንን ወረቀት በሞተረኛው መልሱልን» ብቻ ነው ያልኩት። መምህሯን ግን ቤቷ ድረስ ሄጄ እውነቱን ነገርኳት፤ የልጇ ገላ ነውና ዝም ማለት ነውር ነው። በር ላይ አቁማ አላነጋገረችኝም፣ አስገብታ አስቀመጠችኝ። «የእኔን ሳጥን እርስዎ ራስዎ ያሽጉልኝ፤ ደንበኝነቴን አላቋርጥም» አለችኝ። ስወጣ ትንሿ ልጅ ክንዷን እያሳየች «ድኗል» አለችኝ። መንገዱን ሁሉ ዓይኔን እየጠረግኩ ነው የመጣሁት።

ስንት ወረቀት የሚመለስ ይመስልሻል? እኔ ሦስት ወይም አራት ብዬ ነበር። ሞተረኛው «ደረስኩ» አሥራ ዘጠኝ ወረቀት ከኪሱ አወጣ፤ ያውም በሰዓቱ መጥቶ። ጡረታ የወጡት ዳኛ ከጀርባው ላይ፣ «ዕድሜዬን ሁሉ ስፈርድ ኖሬያለሁ፤ በሳሙና እንኳ ሌላ ሰው ይፍረድልኝ» ብለው ጽፈውበታል። እናትሽ ይህን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ።

እነዚያን አሥራ ዘጠኙን ስታሽግ ብታያት! ሊስት የለ፣ ምልክት የለ። አንዱን ታነሣለች፣ ታሸተዋለች፣ «ይህ ለዳኛው» ትላለች፣ ትከታለች። ለአንዱ ስድስት፣ ለሌላው አራት ሆኗል፤ እስካሁን ቅር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ቀሪዎቹን አርባ አራት እኔ በግልጽ፣ በሩን ከፍቼ አሽጋለሁ። ሳሙናውንም አብረን ነው የምናበስለው። ሶዳው ገላ የሚያቃጥል አደገኛ ነገር ስለሆነ ቆልፌበታለሁ፣ የምመዝነውም እኔ ነኝ፤ እሷ ግን ማማሰያውን ከእጄ ነጥቃ፣ «እንደሱ አይደለም፣ በአንድ ወገን ብቻ አዙር» ትለኛለች። ያ ገና አልጠፋባትም።

ሁሉ ተቃና እያልኩሽ አይደለም። ባለፈው ዓርብ የመደርደሪያው ክፍል ውስጥ ቆማ አገኘኋት። የማሩን ሳሙና አፍንጫዋ ላይ ይዛለች። «ይህን የሠራው ማነው? እጁ ይባረክ» አለችኝ። አሜን አልኩ።

ስለዚህ ልጄ፣ ልመናዬ ይህ ነው። አዲሱን ነገር ለጊዜው አትክፈቺው። ከአሥራ ሁለት አምስት መምረጡ እንዳለ ይቆይ፤ ከሱ ሥር ግን አንድ ምርጫ ጨምሪበት፣ «ሠሪዋ ትምረጥልኝ» የሚል። ፎቶዋን አታድርጊበት፣ አትወድም። ዳኛው ለጓደኞቻቸው እያወሩ ነው መሰለኝ፣ ሰዎች በየት በኩል እንደሚያዙ ይጠይቁኛል።

ነይ ማለቴ አይደለም። ሥራሽን አውቃለሁ፤ ፈቃድ እንደ ልብ እንደማይገኝም ነግረሽኛል። እኔም ገና ጠንካራ ነኝ፣ የጉልበቴን ነገር አትስሚ። ደግሞ ጥሩ ቀኖቿ ብዙ ናቸው፤ ከመጥፎዎቹ አሁንም ይበልጣሉ። «አሁንም» ያልኩሽን ልብ በይልኝ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ገባች። «ለማነው?» አለችኝ። ለልጃችን አልኳት። «ሰላም በልልኝ። ለሷም ሳጥን ላዘጋጅላት። የትኛውን ሽታ ነው የምትወደው?» አለችኝና መልሱን ጠብቃ ቆመች። እኔ አውቀዋለሁ፤ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ አንድ ብቻ ነው። ግን አልነገርኳትም። «ራሷ ትነግርሻለች» አልኳት። «እሺ፣ እጠብቃለሁ» ብላ ሄደች።

በስልክም ልትነግሪያት ትችያለሽ። ሽታ ግን በስልክ አይላክም።

የምትረግጪው መሬት ይለስልስልሽ፤ የያዝሽው ይሙላልሽ፤ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ጎረቤት ይሰውርሽ። እናትሽ በሁለቱም ጉንጭሽ ስማሻለች፣ እኔም በግንባርሽ።

የሚናፍቅሽ
አባትሽ