ፍተሻው ላይ የቀረው ጠርሙስ

የአባባ ጠርሙስ ቤት ገብቷል። ሰላምታው ይቆየኝና መጀመሪያ ይህን ስሚ፤ ሳሎኔ ውስጥ ቡፌው ላይ ቆሟል።

ውድ እትዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ከአውሮፕላን ማረፊያው ደውዬልሽ «ቀረ» ስልሽ እንዴት እንደተላቀስን አትረሽውም። አባባ ልጄ ሚጢ ስትወለድ አውጥቶ ለሰርጓ በሰም ያሸገው አረቄ፤ ከእጁ ሥራ የተረፈን እሱ ብቻ። እሷም «የአያቴ ጠርሙስ ሳይከፈት ቀለበት አላደርግም» ብላ ድርቅ ብላለች። እናቷን ነው መቼም የወጣችው።

ያን ዕለት ፍተሻው ላይ ተቆጣጣሪዋ ሻንጣዬን አስከፍታ አንቺ ከጠቀለልሽበት ፎጣ ውስጥ ፈታችው።

«እናቴ፣ ስንት ፐርሰንት ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄ፤ አባቴ የሚለካው በምላሱ ነበር።»

«ከሰባ በላይ ከሆነ ጨርሶ አይጫንም፣ ይቀጣጠላል። ከዚያ በታች ቢሆንም የፋብሪካ እሽግ ሊኖረው፣ ጥንካሬው ሊጻፍበት ይገባል። በሰም የታሸገ አናሳልፍም።»

«ለሰርግ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«እንግዲያው ሙሽሮቹን ወደዚህ ያምጧቸዋ» አለችኝ ፈገግ ብላ።

ከኋላዋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ፎጣውን ባዶውን መለሰችልኝ። ሻንጣዬ ዓይኔ እያየ ተቆልፎ ሄደ።

ቤት ደርሰን ሚጢ ስትከፍተው ጠርሙሱ ልብሴ መሀል ተኝቷል። የተጠቀለለው በግራጫ ሹራብ ነው። ሹራቡን ታውቂዋለሽ እትዬ፤ ክርኑን በቀይ ክር የጠቀምሽው፣ አባባ ሲቀበር በእጅሽ ያለበስሽው። እርጥብ አፈር አፈር ይሸታል። እጅጌው የጠርሙሱን አንገት አቅፎታል።

ሚጢ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔን ግን ደስታ ሊገድለኝ ነበር። «አያትሽ በሕይወቱም ፍተሻ አይፈራም ነበር» አልኳት። ሹራቡን አጥቤ አሰጣሁት፤ በማግስቱ ከገመዱ ላይ የለም። ጎረቤት አልጠየቅኩም፤ ባለቤቱ ወስዶታል።

ሲያርፍ አንቺ አጠገቡ ነበርሽ፤ እኔ አልደረስኩበትም። ይህ ሆዴን ሲበላኝ ነው የኖረው። አሁን እሱ ራሱ መጣልኝ።

አንድ ነገር ብቻ አለ። አረቄው እየጎደለ ነው። ሰሙ አልተነካም፣ ብገለብጠውም ጠብ አይልም፤ ግን ጠዋት ጠዋት ዝቅ ብሎ አገኘዋለሁ፣ አጠገቡም አንድ እርጥብ ብርጭቆ። አባባን ታውቂው የለ፣ አንዴ ከቀመሰ መቼ ያቆማል። እንዲተው ለምኜው ነበር፤ ትናንት ደግሞ ሁለት ብርጭቆ ሆኗል። ማንን ይዞ እንደመጣ እንጃ።

ስለዚህ ሰርጉን ከወሩ መጨረሻ ወዲህ ስበነዋል። ልጆቹን፣ አማችሽን፣ ማንንም ሳታስቀሪ ይዘሽ ነይ፤ ሳይጨርሱት እንድረስ። ታናሽሽ በር ላይ ቆማ ትጠብቅሻለች፤ የፊታችን ቅዳሜ፣ ከቀትር በፊት።