ሐረጓ ለምን እንደዘገየች ያስረዱልን ዘንድ ለክቡር የባንካችን ሥራ አስኪያጅ

ኔታንያ፣ እስራኤል፣ ፌብሩዋሪ 1995

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም ከሰው ጤና አብልጠው በየማለዳው ለሚጠይቁት ለአክሲዮኖችዎ ጤና የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ ከገበያው በስተጀርባ ባሉት ፎቆች የምንኖር ደንበኞችዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ደኅና ያልሆነችው አንዲት ሴት ናት፤ ይህም ደብዳቤ የተጻፈው ስለ እሷ ነው።

ስሜ መንግስቴ ይባላል፤ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ዓመት የእድሩን ገንዘብ ላስረክብ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ በሁለት እጅዎ የጨበጡኝ ሰው እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንዱንም እጅዎን አላገኘሁትም። ደብዳቤውን በዕብራይስጥ ያልጻፍኩት ከንቀት አይደለም። ከባንክዎ የሚመጣልን ሁሉ በማናነበው ቋንቋ ስለሆነ፣ እኛም በተራችን አንድ የማያነቡት ብንልክልዎ ያስደስትዎታል ብለን ነው። አስተርጓሚ ካጡ እንደ እኛ ጎረቤት ያስቸግሩ።

እድር ማለት፣ ክቡር ሆይ፣ ሐዘንና ችግር የደረሰበትን ሰው ለመደገፍ ከየደመወዛችን የምናዋጣው የጋራ ገንዘብ ነው። በዚህ ገንዘብ ሐረጓን ወደ ጎንደር ልንልካት በአንድ ድምፅ ወስነን ነበር። ሐረጓ ቃዲማ ወደምትባለው ጎረቤት ከተማ እየተመላለሰች የሰው ቤት የምታጸዳ ባልቴት ናት። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ስንነሣ እናቷ እማማ ማናለሽ እግራቸውን ታመው ጎንደር ዘመድ ቤት ቀርተዋል። ሐረጓ እመለሳለሁ ብላ በእናቷ ጉልበት ምላለች። የእኛ ጉዳይ ይኸው ብቻ ነበር፤ አንዲት ልጅ እናቷን በሕይወት እንድታይ። ስለ አውሮፓ ምንም ሐሳብ አልነበረንም።

አንደኛ፣ አውሮፓን ስላመጡልን እናመሰግናለን። የባንክዎ አማካሪ ወይዘሮ ኤሊሸቫ ገንዘባችን ተኝቷል፣ የተኛ ገንዘብ ደግሞ ይሞታል ብለው አስረዱን። እኛ ያስቀመጥነው እንዲተኛልን ነበር፤ የሐዘን ገንዘብ ነውና ባይሯሯጥ ይሻል ነበር። ሆኖም የተማረ ሰው ሲመክር መስማት ወጋችን ስለሆነ ፈረምን። ገንዘባችንም የሰሜን አውሮፓ ባንኮች አክሲዮን ወደሚገዛ የቁጠባ ፕሮግራም ገባ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ በባንክዎ ቅርንጫፍ በኩል ላሟን ስንገዛት ግን ይህ የመጀመሪያችን ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ትምህርቱ እናመሰግናለን። እነዚያ የሰሜን አገሮች በአንድ ነፃ የንግድ ማኅበር አብረው ይኖሩ እንደነበር፣ ያን ጊዜ ከዚያ ወጥተው ወደ ትልቁ የአውሮፓ ኅብረት ለመግባት እየተደራደሩ መሆኑን፣ አንዱ ሚኒስትር ፊቱን ባጠቆረ ቁጥር የባንኮቹ አክሲዮን እንደሚወርድ፣ ፈገግ ሲል ደግሞ መልሶ እንደሚወጣ ተምረናል። አይተነው የማናውቀው ሰው ግንባር ሲቋጠር የሐረጓ መንገድ የሚዘጋበትን ምክንያት ግን እስከ ዛሬ አልደረስንበትም። ሲግድ ከሚባለው የጾምና የጸሎት በዓላችን ማግስት እናቷ አልጋ ላይ ዋሉ የሚል መልእክት ከጎንደር መጣ። ገንዘቡን ልናወጣ ብንሮጥ፣ የሰሜኖቹ ነገር ሳይቋጭ የሚወጣው ለትኬቱ ግማሽ ብቻ እንደሚበቃ ተነገረን። አባ ደጀን የተባሉት ትልቁ ሽማግሌያችን የግማሽ ትኬት ተሳፋሪ የት ላይ እንደሚወርድ በትሕትና አስጠየቁ፤ ካርታ ብናይ ቀይ ባሕር ሆኖ ተገኘ። ሐረጓ ዋና አትችልም።

ሦስተኛ፣ ብድር ስለከለከሉን። ይህንንም ለምስጋና ነው የማነሣው። መያዣችሁ ምንድን ነው ተብለን፣ እዚሁ ባንካችሁ ውስጥ ያለው ገንዘባችን ነው ብለን መለስን። ፀሐፊዎ በጨዋ ቋንቋ፣ ነገ የት እንደሚወርድ የማይታወቅ ነገር ለመያዣ እንደማይሆን፣ ባንኩ እንዲህ ባለ ነገር ላይ እንደማይተማመን አስረዱን። የባንኩን ጥንቃቄ አደነቅን። ስንፈርም ይህን ጥንቃቄ ትንሽ ቆንጥረው ለእኛም ቢያካፍሉን ኖሮ ምን ነበረበት?

ቀጥሎ ላለው ነገር ቁጥር አልሰጠውም፤ ስሞታ ይሁን ምስጋና እኔም ገና አልለየሁትም። አባ ደጀን ነገሩን ሲሰሙ፣ ሰው ከማኅበሩ የሚወጣው ተቀይሞ ነው፣ የተቀየመን ደግሞ ሽማግሌ ይመልሰዋል አሉ። ለመሆኑ በምን ተጣሉ ብለው ወይዘሮ ኤሊሸቫን በእኔ በኩል አስጠየቁ። እሳቸውም ጠብ አይደለም፣ የዓሣና የእርሻ ጉዳይ ነው አሉ። አባ ደጀን ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስታረቁት ጠብ ሁሉ የእርሻ ወሰን እንደነበረ፣ ዓሣም ቢሆን ያው የውኃ እርሻ እንደሆነ ተናግረው ሽማግሌ ተልኮ እንደሆነ ጠየቁ። ተደራዳሪዎች አሉ ተባሉ። ከየወገኑ ደመወዝ የሚበላ ሰው አስታራቂ እንደማይሆን፣ እርሳቸው ግን በነፃ እንደሚሄዱ አስታወቁ። በዚህ ጊዜ፣ ክቡር ሆይ፣ ከቢሮዎ ወጥተው ነገሩን ሰሙና ሳቁ። ስቀውም አልቀሩ፣ ከእነዚያ አገሮች የአንዷን ኤምባሲ አድራሻ በካርድዎ ጀርባ ላይ ጽፈው ሰጡን። አባ ደጀን ሳቅዎን ለበጎ ፈቃድ ቆጠሩት። እኔ ግን ምን ዓይነት ሳቅ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ እስከ ዛሬም ያቃጥለኛል።

ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው፣ ጥላቸውን ይዘው፣ እኔን ለአስተርጓሚነት አስከትለው በአውቶቡስ ቴል አቪቭ ወረዱ። ኤምባሲው በር ላይ ተፈተሽን፤ ደግነቱ አልተመለስንም። አንድ ወጣት ባለሥልጣን አስገባን፤ ወንበርና ውኃ ሰጠን፤ አባ ደጀን ስለ ትዕግሥት፣ አብሮ ስለ መኖርና ስለ እማማ ማናለሽ እግር የተናገሩትን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ነገሩ በመንግሥት እጅ እንዳልሆነና ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ እንደሚወስን አስረዳን። ለእማማ ማናለሽ ምሕረት ተመኘ፤ በረዶ የለበሱ ተራሮች ያሉበት የግድግዳ ካሌንደርም ሰጠን። ካሌንደሩ አሁን በእድሩ ክፍል ተሰቅሏል። በእርስዎ ባንክ ወንበር የተሰጠን ገንዘቡን ያስገባን ቀን ብቻ ነበር፤ ስለዚህ የባዕድ አገር ሰው በልጦዎታል ብል አይቀየሙኝ።

አራተኛ፣ ስለ ምክርዎ። ሕዝቡ ድምፅ እስኪሰጥ ጠብቁ አሉን፤ ጠበቅን። ያች ሽማግሌ የላክንባት አገር ሕዝቧ እምቢ ብሎ ከማኅበሩ ሳትወጣ ቀረች፤ የቀሩት ግን ለመውጣት ቆረጡ። የእኛ አክሲዮን እነዚያ ወጡ ሲባልም ወረደ፣ ይህች ቀረች ሲባልም ወረደ። አዲሱ ዓመት እስኪገባ ጠብቁ ተባልን። በረጅም ጊዜ ሲታይ ሁሉም ይመለሳል የሚለውን ቃል ከአፍዎ የሰማነው ያን ቀን ነው። እኛም ሐረጓን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለን አጽናናናት፤ እሷም ሻንጣዋን ማሰናዳት ጀመረች።

እንቁላሉ እግር ከማውጣቱ በፊት እማማ ማናለሽ ዐረፉ።

መርዶው በስልክ ወደ እኔ ነው የመጣው። በእኛ ወግ እንዲህ ያለ ነገር በፖስታ ሣጥን ውስጥ አይጣልም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቤት ድረስ ሄዶ ነው የሚነገረው። ሄድን። ሐረጓ በሩን ስትከፍት ሻንጣዋ ከበሩ ሥር ተዘጋጅቶ ነበር። ሽማግሌዎቹን በነጭ ልብስ ስታይ ፊቷ በራ፤ ኤምባሲ የሄዱት ለብሰውት የነበረው ልብስ ነውና አስታርቀው የመጡ መስሏት፣ ተፈታልን ወይ አለች። ክቡር ሆይ፣ ብዙ መርዶ አርድቻለሁ፤ ተፈታልን ወይ ብሎ የተቀበለኝ ግን የለም። አባ ደጀን ጥላቸውን ከሻንጣዋ አጠገብ አስደገፉ። ሴቶቹ ከኋላችን ማልቀስ ሲጀምሩ ገባት።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤዎ መጣ። ዳር ላይ አበባ የተሳለበት ወረቀት ነው። አክሲዮኖቹ በሚያስደስት ሁኔታ ማገገማቸውን፣ እንዲያውም ካስገባነው ጥቂት ከፍ ማለታቸውን ገልጸው እንኳን ደስ አላችሁ ብለውናል። እማማ ማናለሽና አክሲዮኖቹ በአንድ ሰሞን ታመው ነበር፤ ያገገሙት ግን የእርስዎዎቹ ብቻ ሆኑ። ገንዘቡን አወጣን፤ ሐረጓም ሄደች። ለተዝካሩ ደረሰች።

የጎንደር ዘመዶቿ ጨዋ ሰዎች ናቸውና ለምን ዘገየሽ ብለው የጠየቋት ከበሉና ከጠጡ በኋላ ነው። እሷም እውነቱን ነገረቻቸው፤ የሰሜን አገር ሰዎች ከማኅበራቸው እንውጣ አንውጣ ተባብለው ነው አለቻቸው። ከዚያ አንድ አዛውንት ታረቁ ወይ ብለው ጠየቁ። ገሚሶቹ ወጡ፣ አንዷ ቀረች አለች። እንግዲያው ጥፋቱ የማን ሆነ አሏት። ጥያቄውን ሻንጣዋ ውስጥ ጨምራ ይዛልን መጣች።

እድሩም ተቀምጦ ተወያየ። ሰሜኖቹን መረመርን፤ ሐረጓ የምትባል ሴት በዓለም ላይ መኖሯን አያውቁም፣ ነፃ ናቸው። ወይዘሮ ኤሊሸቫ ከተዝካሩ መልስ ሐረጓ ቤት ድረስ መጥተው አለቀሱ፤ እሳቸውም ነፃ ናቸው። አክሲዮኑን እንዳንይዘው ትከሻ የለውም። እያልን እያልን፣ ከአክብሮት ጋር፣ ከእርስዎ በር ደረስን። ገንዘብ አንጠይቅም፤ ገንዘቡን መልሰዋል። የምንጠይቀው ሐረጓ ለምን እንደዘገየች ለዘመዶቿ ሊነገር የሚችል አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

እስከዚያው ድረስ ለማዕረግዎ የሚገባውን ክብር ሳላጓድል፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ በተለይም ረጅሙን ጊዜ በእጅጉ ስለሚወዱት እጅግ ረጅም ዕድሜ የምመኝልዎ፣

መንግስቴ፣ የእድሩ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለማኅበረሰቡ ማዕከል ማስታወቂያ ሰሌዳ
በረዶ የለበሱ ተራሮች ያሉበትን ካሌንደር ለሰጠን ወጣት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በእኛ አገር ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ የበደለው ሰው ደጅ ይቀርባል፤ ይቅር እስኪባልም አያወርደውም። ይህንን እንዳያጡ ብለን ከባሕሩ ዳር ገደል ሥር ደኅና ድንጋይ መርጠን ከባንኩ መግቢያ በስተቀኝ አስቀምጠንልዎታል። ባለቤት የሌለው አጠራጣሪ ዕቃ ነው ተብሎ ፖሊስ እንዳይጠራበት ለዘበኛው ይንገሩልን፤ ባለቤት አለው፣ ስምዎን ጽፈንበታል። የሐረጓ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። አይቸኩሉ፤ በረጅም ጊዜ ሲታይ ቀላል ነው።